ጅማን ጣሊያን አልቆረቆራትም፤ የከተማችን ታሪክ ከየት ይጀምር?

ጅሬን_ሥር (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነው የምኖረው፤ ሥነ ሕንፃ አስተምራለሁ። ሰሞኑን ከተማሪዎቼ ጋር የገባንበት ክርክር አለ። እዚህ የከተማው ልጆችም፣ መንገድ ሥራ ላይ የቆያችሁም፣ ታሪክ የምታስተምሩም ስላላችሁ ብታግዙን ብዬ አመጣሁት።

ነገሩ ከጎንደር ይጀምራል። ዴቪድ ሪፍኪንድ የሚባሉ አሜሪካዊ የሥነ ሕንፃ ፕሮፌሰር አሉ፤ ጥናቱን ሲያሳትሙ ፍሎሪዳ ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። ፋሺስት ጣሊያን ጎንደርን እንዴት አቅዶ እንደሠራት እ.ኤ.አ. በ2011 ሰፊ ጥናት አሳትመዋል። ከልጆቹ ጋር እሱን አነበብን። ጥናቱን የምወደው ፒያሳው ላይ ያሉትን ሕንፃዎች አይቶ ብቻ ስለማያልፍ ነው። ከፍታው ለማን ተሰጠ? መንገዱ ማንን ከማን ያገናኛል? ማን የት እንዲኖር ተፈቀደለት፣ ማንስ ተከለከለ? የከተማ ታሪክ መጠየቅ ያለበት ይኼን ነው።

አንብበው ሲጨርሱ «የጅማንም እንዲሁ እንሥራ» አሉኝ። በጣም ደስ አለኝ። ጅማም እኮ በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካን በግዛት ሲከፋፍል የአንዱ ዋና ከተማ ሆና ነበር። ፈረንጅ አራዳ የምንለው ሰፈር የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ግን የጥናት ሐሳባቸውን ይዘው ሲመጡ ሁሉም ታሪኩን የጀመሩት ከጣሊያን ነው። ከዚያ በፊት የነበረው «ትንሽ የገበያ መንደር» ተብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ታልፏል።

እዚህ ላይ ነው ያልተስማማሁት። ሒርማታ፣ ማለትም ዛሬ ጅማ ያለችበት የድሮው የገበያ ቦታ፣ ትንሽ መንደር አልነበረችም። የሐሙስ ገበያዋ በደቡብ ምዕራብ ከነበሩት ሁሉ ትልቁ ነበር። የከፋ፣ የሊሙ፣ የዳውሮ፣ የጎጃምና የሸዋ ነጋዴ እዚያ ይገናኝ ነበር። ቡናው፣ ማሩ፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ አሞሌው፣ ጨርቁ ሁሉ እዚያ ነው የሚቀያየረው። ቤተ መንግሥቱ ጅሬን ተራራ ላይ፣ ገበያው ታች ሜዳው ላይ፣ በመካከላቸው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ገዙ። እ.ኤ.አ. በ1884 ለምኒልክ ገበሩና የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆዩ። በዙሪያው ያለው አገር በጦርነት ሲታመስ የሒርማታ ንግድ አልተቋረጠም። ይኼ ሁሉ እንዴት በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋል?

ዛሬ ከከተማው የሚወጡትን መንገዶች አስቡ። በሰርቦ ወደ አዲስ አበባ። በአጋሮ ወደ በደሌ። በሰቃ ወደ ቦንጋ። ወደ ዴዶ። መሐንዲሶች ኩርባ ቀነሱ፣ አስፋልት አነጠፉ። አቅጣጫውን የመረጠው ግን ሲራራ ነጋዴው ነው ብዬ አምናለሁ። ሕንፃ ቀለም ይቀየርለታል፣ ይፈርሳል፣ ይሸጣል። የመንገድ መስመር፣ የድልድይ ቦታ፣ ገበያና የውሃ መውረጃ ግን ባለቤት ቢቀያየርም አይነቃነቁም። ስለዚህ ጥናቱን ከእነሱ እንጀምር ነው የምለው።

አሁን ደግሞ ጊዜው አጣዳፊ ነው። ኮሪደር ልማቱ ጅማም ገብቷል። መንገድ ይሰፋል፣ አሮጌ ዲች ይወጣል፣ አዲስ ቱቦ ይቀበራል። ከመሬት በታች ያለው ታሪክ አንዴ ከተቆፈረ ወዲያ ማንም አያገኘውም። የድሮ ድልድይ፣ የድንጋይ ቦይ፣ የድሮ ካርታ፣ የአባቶቻችሁ ወሬ፣ ያላችሁን ወዲህ በሉ።

አዌቱ_ዳር

መምህር፣ እግዜር ይስጥህ። ተወልጄ ያደግኩት አዌቱ ወንዝ አጠገብ ነው። ፈረንጅ አራዳ ውስጥ የማውቀውን አንድ ቦይ ልንገርህ።

የተጠረበ ጥቁር ድንጋይ ነው። ጎንና ጎኑ ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ ወደ ወለሉ እየጠበበ ይወርዳል። ወለሉ መሀል ላይ ጎድጎድ ብሏል። በበጋ ያለችው ቀጭን ውሃ በዚያች ጎድጓዳ ብቻ ትወርዳለች። ክረምት ሲሞላ ደግሞ ሰፊው አፍ ይቀበለዋል። በድንጋዮቹ መሀል ያለው ሙሊት ብዙ ቦታ ላይ ታጥቧል፣ ድንጋዩ ግን አልተነቃነቀም። ከግቢ በር ፊት ለፊት አንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጋድሞበታል፤ ሰው የሚሻገረው በእሱ ነው።

ይኼን ቦይ ቁልቁል ተከተለው። ቪላዎቹ ሲያልቁ ድንጋዩም ያልቃል። ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ የአፈር ጉድባ ነው። ውሃው ግን እዚያ አይቆምም፤ ታች ያሉት ጭቃ ቤቶች ላይ ነው የሚሄደው። ያ ቦይ ለማን እንደተሠራና ለማን እንዳልተሠራ ቁጭ ብሎ ይናገራል።

የሰርቦ_ልጅ

ሰላም ነው? እኔ ትንሽ ለየት ያለ ሐሳብ አለኝ። ገበያው ነበረ፣ እሺ። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ አስፋልቱን፣ ድልድዩን፣ ቀጥ ያለውን መንገድ የሠራው ጣሊያን ነው። አያቴ ቡና በበቅሎ ጭነው አዲስ አበባ ለመድረስ ሳምንታት ይፈጅባቸው ነበር። መኪና መንገድ ሲገባ ነው ቡናችን ዋጋ ያገኘው። ይኼን መካድ አያስፈልግም። ተማሪዎቹ ከ1929 ቢጀምሩ ምን ጥፋት አለው?

ጋሽ_መንገዱ

እንደምን ሰነበታችሁ ልጆቼ። ዕድሜዬን መንገድ ሥራ ላይ ነው የጨረስኩት። ሰርቦ ልጅ፣ የአያትህን ነገር አልጥልብህም፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሦስት ነገር ልጨምርልህ።

የአዲስ አበባ ጅማ መኪና መንገድ ሐሳቡም ሥራውም ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት ተጀምሯል። ምክንያቱም አንተ ያልከው ቡና ነው። መንግሥት ቡናውን ወደ ባቡሩ ለማድረስ ፈልጎ ነው የጀመረው። ወረራው መጣና ሥራውን ጣሊያን ወሰደው። እሱ የቸኮለው ለቡና ብቻ አልነበረም። ጦሩን ማዘዋወር ነበረበት። አርበኛው ዱር ውስጥ ነው፤ ካሚዮን ካልገባ አገሩ አይያዝም። ግቤ በረሃ ላይ ብዙ የተደከመው ለዚህ ነው። ሰኔ 1933 ጅማ ነፃ ስትወጣም የመጨረሻው ውጊያ የግቤ መሻገሪያን ለመያዝ ነበር። ደጃዝማች ገረሱ ዱኪና አርበኞቻቸው ከእንግሊዝ ጦር ጋር የገቡት ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለተኛው፣ ጣሊያን ሠርቶት የሄደው መንገድ እስከ ዛሬ የቆመ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። አይደለም። ከነፃነት በኋላ ባሉት ዓመታት ጥገና አጥቶ ተበላሽቷል። አገሪቱ ከዓለም ባንክ ብድር አግኝታ በ1943 ዓ.ም. አውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመው እነዚህን መንገዶች መልሶ ለማንሳት ነው። ከዚያ ወዲህ ያ መንገድ ስንት ጊዜ ተገላብጦ ተሠርቷል! ሥራው የኢትዮጵያውያን ጉልበት ነው። ድንጋይ የፈለጠ፣ ጠጠር የበተነ፣ ካልቨርት (ከመንገድ ሥር ውሃ የሚያሳልፈውን) የጠረገ ሰው ስም ግን የትም አልተጻፈም። መምህር፣ ጥናታችሁ ውስጥ ይኼ ሰው ይግባልኝ።

ሦስተኛው የሙያ ነገር ነው። እኛ ጋ «መንገድን የሚገድለው መኪና አይደለም፣ ውሃ ነው» ይባላል። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ሜዳው ላይ ብዙ ቦታ ጥቁር አፈር ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እዚህ ከተማ ላይ ዲች የሌለው አስፋልት ዕድሜ የለውም። ስለዚህ መምህር ከውሃ መውረጃ እንጀምር ማለቱ ትክክል ነው። የቀደመው ሰው ምን እንዳወቀና ምን እንዳላወቀ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

የሰርቦ_ልጅ

ጋሼ አመሰግናለሁ። ከጣሊያን በፊት መጀመሩን አላውቅም ነበር። ስለ ጥገናውም ያሉት ይገባኛል፤ የኛ ሰፈር ካልቨርት በአፈር ተደፍኖ መንገዱ በሁለት ክረምት ሄዷል።

ታሪክ_አስተማሪ

ክሩን ከጧት ጀምሮ እየተከታተልኩ ነው። በመምህሩ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ግን ሒርማታንም ስናነሳ ሙሉውን እናንሳ። ያ ገበያ የባሪያ ገበያም ነበር። ከደቡብ የተፈነገሉ ሰዎች በዚያው በምናደንቀው መንገድ ነው የተነዱት። የጅማን ነገሥታት ብልጽግና ከዚህ ነጥለን ብናቀርበው ሐሰት እንጽፋለን።

የጅማ መንግሥት ራሱ የመሠረተ ልማት መንግሥት ነበር ማለት ይቻላል። ድንበሩ ላይ ቦይ ተቆፍሮ፣ ሰው የማይሰፍርበት ባዶ መሬት ተትቶ፣ መግቢያው በኬላ ተወስኖ ነበር። ነጋዴ በኬላ ነው የሚያልፈው፤ ቀረጥ ይከፍላል፤ ማን እንደገባና ማን እንደወጣ ይታወቃል። መንገዱን የሚጠርገው ሕዝቡ ነው። ኬላ ማለት የዛሬው የጉምሩክ ጣቢያም፣ የመንገድ ክፍያ ጣቢያም፣ የጸጥታ ጣቢያም ማለት ነው። የኬላዎቹን ቦታ ብናገኝ የመንገዶቹ መስመር ይወጣልናል። መንገዱ ከወጣ ደግሞ ከተማዋ ለምን እዚህ ቦታ ላይ እንደተቀመጠች ይገባናል።

ስለ ጣሊያን ፕላን አዌቱ ዳር የጻፍከው ቦይ ጥሩ ማስረጃ ነው። በወረራው ዘመን የወጡት ሕጎች ጥቁርና ነጭ አብሮ እንዳይኖር የሚከለክሉ ነበሩ። ፕላኑ ያንን ሕግ መሬት ላይ ማስፈሪያ ነበር። የፈረንጅ ሰፈር አንድ ቦታ፣ «የአገሬው» ሰፈር ሌላ ቦታ፣ ገበያውም ለብቻው። የድንጋይ ቦይ፣ ቧንቧና መብራት የት ደርሶ የት እንደቆመ በካርታ ብታስቀምጡት የመለያየቱ መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ጅሬን_ሥር

ታሪክ አስተማሪ፣ ስለ ባሪያው ንግድ ያልከው ለኔም ትምህርት ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ውስጥ በግልጽ ይገባል። ጅሬን ያለው ቤተ መንግሥት በቅርቡ ታድሷል፤ ጎብኚው የሚያየው የእንጨት ሥራውን፣ ፎቁን፣ ሰፊውን አደባባይ ነው። ማማሩን አያለሁ፣ እኮራበታለሁም። ታች ገበያው ውስጥ ምን ይሸጥ እንደነበርም አብሮ መነገር አለበት።

የድንጋዩ ቦይ የሚያልቅበትን ቦታ በካርታ ማስቀመጥ የሚለው ሐሳብ በጣም ጥሩ ነው። ጂ.ፒ.ኤስ. ያለው ስልክ ሁሉም ተማሪ ኪስ ውስጥ አለ።

ኑሪያ_ከመንቲና

አሰላሙ አለይኩም። እኔ የተማርኩት ሥነ ሕንፃ አይደለም፤ ግን ስለ ቤት ሲወራ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ንጉሥና ስለ ጣሊያን ነው። በመሀል የኖርነው የት ሄድን?

የእናቴ ቤት ሒርማታ ውስጥ ነው። ፊቱ በረንዳ ነው፤ በረንዳውን የያዙት የእንጨት ምሰሶዎች ናቸው። ምሰሶው ጫፍ ላይ ጣሪያውን የሚቀበለው እንጨት በእጅ የተጠረበ ነው፤ በሁለቱም በኩል ወጣ ብሎ ይጠቀለላል። አናጢው ማን እንደሆነ አናውቅም። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። የፊቱ ክፍል ሱቅ ነበር፤ መዝጊያው ወደ ጎን እየተጣጠፈ ይከፈታል። ከጀርባ ጓዳ፣ ከጓዳው ጀርባ ግቢ። ይኼን የመሰለ ቤት ከኛ ጋር ድርድር ብሎ ነበር። ነጋዴው በረንዳው ላይ ቡና ያሰጣል፣ ዝናብ ሲመጣ መንገደኛው በሙሉ እዚያ ይጠለላል። ከዳር እስከ ዳር ጥላ ሥር መሄድ ይቻል ነበር። የእግረኛ መንገድ ከዚህ ወዲያ ምንድነው?

ከዚያ 1967 መጣ። ትርፍ ቤትና የከተማ ቦታ ተወረሰ። የእኛም ቤት የቀበሌ ሆነ፤ እኛው ተከራይ ሆንን። ኪራዩ ትንሽ ነው። ጣሪያ ሲያፈስ ግን ለማን ይነገራል? ተከራይ የሰው ቤት ላይ ገንዘብ አያፈስም። ቀበሌ ደግሞ በዚያ ኪራይ ምን ይጠግናል? በረንዳው እየጎበጠ ሄደ። አሁን ያረጀ ነው፣ ከተማ ያበላሻል ይባላል። ለምን እንዳረጀ የሚጠይቅ የለም። መምህር፣ ይኼ ታሪክ አይደለም?

ጅሬን_ሥር

እትዬ ኑሪያ፣ ታሪክ ነው እንጂ! እንዲያውም ትልቁ ክፍል እሱ ነው። የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የከተሞቻችንን መልክ እንደ ጣሊያን ፕላን ያህል ቀይሮታል። ፕላን ቤት የት እንደሚሠራ ይወስናል፤ አዋጁ ደግሞ የተሠራውን ማን እንደሚጠግን ወሰነ። የበረንዳውን ነገር የጻፉበት መንገድ ተማሪዎቼ በስንት ገጽ ያልገለጹት ነው። ከፈቀዱልን መጥተን ብንለካው ደስ ይለናል።

አዲስ አበባ ላይ ይኼን ዓይነት ሥራ ለዓመታት የሠሩ ሰው አሉ፤ ፕሮፌሰር ፋሲል ጊዮርጊስ። የድሮ አዲስ አበባ ቤቶችን እየዞሩ መዝግበዋል፣ አስነስተዋል፣ ጽፈዋል። ከመዘገቧቸው ውስጥ ዛሬ የሌሉ ቤቶች አሉ፤ ንድፋቸውና ፎቷቸው ግን ቀርቷል። ለጅማ ግን እንደዚያ ያለ መዝገብ እኔ እስካሁን አላየሁም፤ ሊኖር ይገባ ነበር።

ባጃጅ_ነጂ

እኔም ትንሽ ልበል። ዝናብ ሲጥል የትኛው መንገድ እንደሚሞላ ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም። እዚህ ጅማ መርካቶ አካባቢ አንዳንዱ ቦታ ግማሽ ሰዓት ከዘነበ ሞተሩ ውሃ ይገባዋል። የሚገርመው የሚሞላው ቦታ ሁልጊዜ አንድ ነው። ድሮ ውሃ የሚሄድበት ነበር፣ ቤት ተሠራበት ይላሉ ሽማግሌዎች። ተማሪዎቹ ሐምሌ ላይ ይምጡ፣ አዙሬ አሳያቸዋለሁ።

አዌቱ_ዳር

ባጃጅ ነጂ፣ ትክክል ነህ። አዌቱም ራሱ ድሮ በዚህ ልክ ጠባብ አልነበረም። በሁለቱም በኩል ሰው እየገፋ ገባ፣ ቆሻሻ ተደፋበት። ልጅ ሆነን የታጠብንበት ወንዝ ነው። ዛሬ የሽንት ቤት ፍሳሽም ወደ እሱ የሚለቁ አሉ። ከተማው የፍሳሽ መስመር የለውም፤ ሁሉም በየጉድጓዱና በየሴፕቲክ ታንኩ ነው። ሲሞላ የት ይሂድ?

ደግሞ እዚህ አይቀርም። አዌቱ ቦዬ ረግረግ ይገባል። ጉማሬ እናያለን ብለን እሁድ እሁድ የምንሄድበት ቦዬ ማለት ነው። ከዚያ ግልገል ግቤ ይቀበለዋል፤ ግልገል ግቤ ደግሞ በ1996 ሥራ የጀመረውን 184 ሜጋ ዋት የኃይል ማመንጫ ግድብ ነው የሚሞላው። እኛ መርካቶ ላይ የጣልነው ላስቲክና ያስሸረሸርነው አፈር መብራት የሚያመነጨው ውሃ ውስጥ ይገባል። ጥናቱ እስከዚያ ድረስ ይሂድ። ከተማው አስፋልቱ ያለቀበት ቦታ ላይ አያልቅም።

ሰላም_ከኪቶ

ሁላችሁንም አከብራለሁ፣ ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። ይኼ ሁሉ «አሮጌው ይመዝገብ» የሚለው ነገር ሥራውን እንዳያጓትት። እናቴ በከዘራ ነው የምትሄደው። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ከመሠራቱ በፊት ከቤት አትወጣም ነበር፤ ክዳኑ የወለቀ ዲች በየቦታው ነበር። አሁን ማታ መብራት አለ፣ ወንበር አለ፣ ብቻዋን ወጥታ ትመለሳለች። ለእሷ የድንጋይ ቦይ ታሪክ ምኗ ነው?

ጅሬን_ሥር

ሰላም፣ እናትሽ ብቻቸውን ወጥተው መመለሳቸው ትልቅ ነገር ነው። እኔ ሥራው ይቁም የሚል ሐሳብ የለኝም። አንድን ቦይ ለክቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ቦታውን በካርታ ለማስቀመጥ ሁለት ተማሪ ግማሽ ቀን ይበቃቸዋል። ለቁፋሮ የመጣው ኤክስካቫተር ለዚያ ብሎ አይቆምም።

ግን ለእናትሽም ቢሆን የሚጠቅም ነገር አለው። ባጃጅ ነጂው የጻፈውን አንብቢው። የድሮው ውሃ መሄጃ የት እንደነበር ሳይታወቅ ቱቦ ቢቀበር ውሃው አሮጌ መንገዱን ፈልጎ ይመጣል። ያኔ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ነው የሚሰምጠው። ታሪኩን ማወቅ ለሙዚየም ብቻ አይደለም፤ የቱቦውን ስፋት ለመወሰን ራሱ ይጠቅማል። ከተማው በ1999ኙ ቆጠራ 120,960 ሰው ነበረው። ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደሰፋ ሁላችንም በዓይናችን እናያለን። ዩኒቨርሲቲው ብቻ የኪቶን ሰፈር ምን እንዳደረገው አንቺ ታውቂዋለሽ። ጣራና አስፋልት በበዛ ቁጥር መሬት የሚመጠው ውሃ ይቀንሳል፤ ዲቹ የሚሸከመው ይጨምራል።

ሰላም_ከኪቶ

እንደዚህ ከሆነ እኔም እስማማለሁ። ኪቶ ላይ ድሮ ሣር ይታጨድበት የነበረ ረግረግ አሁን ብሎኬት ሆኗል። ማሳየት እችላለሁ።

ጋሽ_መንገዱ

መምህር፣ ለልጆቹ ትንሽ ምክር ልስጣቸው። ድልድይ ወይም ካልቨርት ፎቶ ሲያነሱ አጠገቡ ሜትር ወይም የታወቀ ርዝመት ያለው ዱላ ያቁሙ፤ አለዚያ በኋላ መጠኑ አይታወቅም። ውሃው ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ፎቶው ላይ ቀስት ያድርጉ። ከላይ በኩል ብቻ አያንሱ፤ መግቢያውንም መውጫውንም ያንሱ። ቅስት ከሆነ የቅስቱን ከፍታ ከወለሉ ይለኩ። ድንጋዩ በምን እንደተያያዘ ይመልከቱ፤ ኖራ ከሆነ ነጭ ሆኖ በጥፍር ይፋቃል፣ ሲሚንቶ ከሆነ ግራጫ ነው፣ አይፋቅም። ከጣሊያን በኋላ የተጠገነውን ከመጀመሪያው ለመለየት ይኼ ብዙ ይረዳል። አንዳንድ ድልድይ ላይ የተቀረጸ ዓመተ ምሕረት ይኖራል፤ ቅጠሉን ገለጥ አድርገው ይፈልጉት። ክረምት ላይ ከካልቨርት ውስጥ እንዳይገቡ አደራ። ላይ አገር ዘንቦ ታች ፀሐይ ሊሆን ይችላል፤ ጎርፉ ሳይታሰብ ይደርሳል።

የመምህሩ_ተማሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጥናቱን ከምንሠራው አንዷ ነኝ። ትናንት ማታ ከጓደኞቼ ጋር ቁጭ ብለን ሐሳቡን እንደገና አዋቅረነዋል። መነሻው የሒርማታ ገበያና ወደ እሱ የሚገቡት መንገዶች ሆነዋል። ኬላው፣ ቀረጡና የባሪያው ንግድም እዚያው ይገባል። ቀጥሎ ጅሬንና ሜዳው። ፈረንጅ አራዳ ሦስተኛ ላይ ይመጣል፤ እዚያ የድንጋይ ቦዮቹ የት እንደሚያልቁ በካርታ እናስቀምጣለን። ከዚያ አውራ ጎዳናና ጥገናው፣ 1967 እና የቀበሌ ቤቶች፣ በመጨረሻ አዌቱና ቦዬ። የእትዬ ኑሪያን እናት ቤት በረንዳ ሙሉውን እንለካዋለን፤ ምሰሶውን በአንድ ለአንድ ልክ እስለዋለሁ።

አንድ ጥያቄ ግን አለን። በሰርቦ በኩል የነበረው የድሮ ኬላ ቦታ የት ጋ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አለ? መጻሕፍት ላይ ኬላ እንደነበረ እናነባለን፣ መሬት ላይ ግን ልናገኘው አልቻልንም።

ኑሪያ_ከመንቲና

ኑ ልጄ፣ ቤት ክፍት ነው። ሐሙስ አትምጡ ብቻ፤ ገበያ ስለሆነ በረንዳው በሰው ይሞላል። ምሰሶውን መለካት አትችሉም።

የመምህሩ_ተማሪ

እትዬ፣ እንደዚያ ከሆነ ሁለቴ እንመጣለን። ምሰሶውን ለመለካት በሌላ ቀን፣ በረንዳው እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ደግሞ ሐሙስ።

የሰርቦ_ልጅ

ስለ ኬላው፣ አጎቴ የሚያሳየው ቦታ አለ። ከአሁኑ አስፋልት ወደ ግራ ገባ ብሎ፣ ትልቅ ዋርካ ያለበት። ሽማግሌዎች «ኬላ» ነው የሚሉት፤ ለምን እንደሚሉት ጠይቄ አላውቅም ነበር። ያው ይሁን አይሁን እናንተ አጣሩ። አጎቴ ዕድሜው ገፍቷል፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ ኑ። አድራሻውን በግል ልኬልሻለሁ።